በሰው ዛፍ ላይ የተቀባ ቀለም

ኡትሬክት፣ ሆላንድ
ሐምሌ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ ማናልሞሽ፣

አምላክ እርስዎን ከነግቢዎ፣ ከነከብትዎና ከነቡናዎ እንዲጠብቅልኝ ጠዋት ማታ እየለመንኩ ይህችን ደብዳቤ ጀመርኩ። እኔ በሥላሴ ቸርነት ደኅና ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ደጋግሜ ጽፌ መልስ አጣሁ። ፖስታ ቤቱ ይሆናል እንጂ እትዬ አይረሱኝም ብዬ ቅያሜ አልያዝኩም። እርስዎ የአጎቴ ልጅ ብቻ አይደሉም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሚዛን ተፈሪ እየመጣሁ እርስዎ ዘንድ ማር ስልስ ነው ያደግሁት።

ዛሬ ቁም ነገር ይዤ ነው የመጣሁት። የምሠራበት የብስክሌት ጋራዥ ባለቤት የሚመራው የብስክሌተኞች ማኅበር አለ። በየዓመቱ ብስክሌታቸውን በአውሮፕላን ጭነው አስፋልት ያልነካው መንገድ ፍለጋ ይሄዳሉ። ጠጠርና አፈር፣ ወንዝና ዳገት፣ የመኪና ድምፅ የማይሰማበት ጸጥ ያለ ቦታ ነው የሚፈልጉት። አገራቸው ሜዳ ብቻ ስለሆነ ዳገት ለማግኘት ድንበር መሻገር አለባቸው። እኛ ከዳገት የሸሸን ሰዎች ነን፤ እነሱ ከፍለው ይወጡታል።

ታዲያ የእኛን ሸለቆ ነገርኳቸው። ከሸኮ ወርዶ፣ በአያታችን በገብረወልድ ቡና መሐል አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቴፒ የሚወጣውን የድሮውን የበቅሎ መንገድ ማለቴ ነው። ፎቶውን ሳሳያቸው አለቃዬ ከወንበሩ ተነሣ። ከጥምቀት በኋላ ሊመጡ ቆርጠዋል፤ መሪያቸው እኔ ነኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው አሁን ገና ስሜን ጠርተው ያማክሩኛል።

እትዬን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ ሌሊት በግቢዎ ያሳድሩን። ሁለተኛ፣ መንገዱ በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ በትክክለኛው አቅጣጫ ያለው ዛፍ ላይ በደረት ቁመት ቀይ ቀለም ያስቀቡልኝ። ፈረንጆቹ መሪ ከፊታቸው ሲሄድ አይወዱም፤ ምልክት እያዩ ራሳቸው መሄድ ነው ደስታቸው። ቀለሙ ሚዛን ገበያ አይጠፋም። ወጪውን እልካለሁ።

የእርስዎ ታናሽ፣
ሕዝቅያስ


ነሐሴ 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሕዝቅያስ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደኅና ነኝ፣ ግቢውም ደኅና ነው። ከብትዎን ይጠብቅልኝ ላልከው ከብት የለኝም። ላሟ ከሞተች ቆየች፤ ጽፌልህም ነበር። ደብዳቤህ የደረሰኝ ባለሱቁ ዐብዱልጀባር ከሚዛን ዕቃ ሲያመጣ ነው። ሱቁ ሸኮ ስለሆነ የኔን ፖስታ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ከዚህ በፊት ጻፍኩ ያልካቸውን ግን አላመጣልኝም፤ ጽፈህ ከሆነ ማለቴ ነው።

ፈረንጆችህ ይምጡ። እንግዳ አልጠላም፤ መደቡ ሰፊ ነው። መንገዱንም ማንም እንዲጠርግልህ አትለምን። መስቀል ሲደርስ መንደሩ በየዓመቱ በደቦ ወጥቶ ይመነጥረዋል።

ዛፍ ላይ ግን ቀለም አይነካም። እዚህ ያለ ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው። ሰው ቀፎ የሚሰቅልበትን ዛፍ ሲይዝ ግንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ዛፉ የሱ ነው፣ ከሱ በኋላም የልጁ ነው። በሌላ ሰው ዛፍ ላይ ምልክት ያደረገ ዛፍህን ወስጃለሁ ማለቱ ነው። ስትልሰው ያደግኸው ማር ከሰማይ የወረደ መስሎህ ነበር?

በመንገዱ ዳር ያሉት ዋንዛና ቀረሮዎች የታምሩና የወንድሞቹ ናቸው። ታምሩ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ነው። አያታችን ከሰሜን መጥቶ ማረፊያ ሲለምን እዚህ እረፍ ብለው የሰጡት የታምሩ አያት ነበሩ። ይህን አባትህ ያውቅ ነበር። ከተማ ገብቶ ጸሐፊ ከሆነ በኋላ ላንተ ሳይነግርህ ቀርቶ ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ታምሩን ልለምንልህና እሱ ይምራቸው። እሱ ከፊት ካለ ማንም ምን ትሠራላችሁ አይላቸውም።

አምላክ ልቡና ይስጥህ።
ማናልሞሽ


ኡትሬክት
ጥቅምት 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእትዬ ማናልሞሽ፣

አዲሱ ዓመት የሰላምና የመስማማት ይሁንልን። ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔ የለመንኩት ቀለም ነው። መጥረቢያ አላልኩም፣ ዛፍ ይቆረጥም አላልኩም። ዝናብ የሚያጥበው ነገር በዛፍ ላይ ቢያርፍ የማን ማር ይጎድላል? ደን ደግሞ የመንግሥት መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ታምሩ ይምራቸው ላሉትም በእግሩ የሚሄድ ሰው ብስክሌት እንዴት ይመራል? ፈረንጆቹ ከኋላው እየገፉ ሊከተሉት ነው? አለቃዬ ይህን ቢሰማ የት አገር ነው የወሰድከን ብሎ ይስቅብኛል።

አንድ ነገር ላስታውስዎ ግድ ሆነብኝ። ያ መንገድ የሚያልፍበት ቡና የአያታችን ነው፤ አያታችን ደግሞ የወለዱት የእርስዎን አባት ብቻ አይደለም። አባቴ እስኪሞት አንድ ኩባያ ቡና ከዚያ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ወደፊትም እንድጠይቅ አያድርጉኝ።

እርስዎን ላለማስቸገር ስል ለበላይነህ ጽፌለታለሁ። በላይነህ አብሮ አደጌ ነው፤ ሚዛን ኳስ ሜዳው አጠገብ ብስክሌት በሰዓት የሚያከራየው። እሱ መጥቶ ይቀባልኛል። ከእርስዎ የምፈልገው ማደሪያውን ብቻ ነው።

ታናሽዎ፣
ሕዝቅያስ


ኅዳር 18 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሕዝቅያስ፣

እንደምን ነህ ብዬ ልጽፍ አልቻልኩም። እኔ እንደምን እንደሆንኩ ግን ልንገርህ።

በላይነህህ መጣ። የመጣው መንደሩ በሙሉ ሸኮ ገበያ በወጣበት ቀን ነው። እኔም ገበያ ነበርኩ። በብስክሌቱ ላይ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ከመገንጠያው ጀምሮ እስከ ወንዙ ቀብቶ ሄደ። በሬን እንኳ አላንኳኳም። ከገበያ ስንመለስ ከፊት የሚሄዱት ሴቶች ወሬያቸውን ሲያቆሙ ሰማሁ። ቀና ስል የታምሩ ትልቁ ቀረሮ ደረቱ ላይ ቀይ ተለጥፎበታል። የዚያ ዛፍ ቀፎ ከአባቱ የወረደ ነው። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። ዕቃቸውን በጀርባቸው እንዳዘሉ አልፈውኝ ሄዱ።

ቡናው የቀላው በዚያው ሳምንት ነው። እኛ እዚህ የምንለቅመው በተራ ነው፤ ዛሬ የኔን፣ ነገ የታምሩን፣ ከዚያ የሌላውን። ተራው የኔ ነበር። ጠላ ጠምቄ፣ ቆሎ ቆልቼ፣ ቅርጫቱን በረንዳ ላይ ደርድሬ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ጠላው ኮመጠጠ። ባል የሌላት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ያን ሁሉ ቡና ብቻዋን እንዴት ትለቅማለች? የደረሰልኝን ያህል ለቀምኩ፤ የቀረው ግንዱ ላይ ጠቆረ፣ መሬት ላይም ረገፈ።

የታምሩ ሚስት ዘንድ ሄድኩ። በርጩማ አቀረበችልኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ስወጣም አልሸኘችኝም። ኋላ ስሰማ ለካ የሚወራው ሌላ ነው። ዘንድሮ በወዲያኛው ሸለቆ ባለመኪና ሰዎች ችካል እየተከሉ መሬት ይለካሉ፤ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ይባላል። ቀዩን ቀለም ሲያዩ ማናልሞሽ ጫካውን ሸጠችው አሉ። የመጤ ልጅ መጤ ናት አሉ። እዚሁ ተወልጄ፣ ባሌን እዚሁ ቀብሬ፣ በስተርጅና መጤ ተባልኩ። እንዲያው በሞቴ፣ ያንተ ፈረንጅ አንድ ቀን ብስክሌት ነድቶ እንዲደሰት እኔ የዕድሜዬን ጎረቤት ልጣ?

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ማን ቀባው አሉኝ። በላይነህ የሚባል የሚዛን ሰው ነው፣ ያዘዘው ደግሞ ውጭ አገር ያለ ሕዝቅያስ የሚባል ሰው ነው አልኩ። ሕዝቅያስ ያንቺ ምንሽ ነው አሉኝ። ይህን የጠየቀኝ ራሱ ታምሩ ነው። ምንም አይደለም አልኩት። የገብረወልድ ዘር ጎረቤቱ ገበያ በወጣበት ቀን ዛፉን አይቀባም አልኩ። ዋሸሁ አልልም። የገብረወልድ ዘር ይህን አያደርግም።

በማግስቱ ቅርጫታቸውን ይዘው መጡ፤ የተረፈውን ለቀሙልኝ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ደጄ ድረስ የመጣው ግን የገዛ ዘመዴ ሆነ።

አትምጣ። ፈረንጆችህን ሌላ አገር ውሰድ።

ማናልሞሽ


ኡትሬክት
ታኅሣሥ 10 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ማናልሞሽ፣

ለጤናዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።

በአደባባይ እንደካዱኝ በራስዎ እጅ ጽፈው ልከውልኛል። አባቴ በሕይወት ቢኖር ይህን አንብቦ ምን ይል ነበር እያልኩ አደርኩ። ስለ ቡናዎ አዝናለሁ። ነገር ግን አንድ ቆርቆሮ ቀለም አይቶ የዕድሜ ጎረቤቱን የሚያገል ሰው ጎረቤት ነው ወይ? እርስዎ በእነሱ መፍረድ ሲገባዎ በእኔ ፈረዱ።

አትምጣ ላሉት ትኬቱ ተቆርጧል። ጥር መጨረሻ ላይ እንገባለን። ማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀው ለዚህ ነው፤ አሁን ቀረ ብል ከሰው አልቆጠርም። መንገዱ የእርስዎ አይደለም፣ የታምሩም አይደለም፣ የሕዝብ ነው። ስመለስም ወረዳው ዘንድ ጎራ ብዬ የአባቴን ድርሻ ጉዳይ እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ ያልጠየቅሁት ዘመድ አለኝ ብዬ ነበር።

አንዲት ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ቀለሙ አለ ወይስ ፋቁት? ለፈረንጆቹ ደኅንነት ስል ነው የምጠይቀው። ሌላ አልፈልግም።

ሕዝቅያስ


ታኅሣሥ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሕዝቅያስ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ።

ለጠየቅኸው መልሱ ይህ ነው። ቀለሙ አለ። ማንም አልፋቀውም።

ማናልሞሽ


ኡትሬክት
መጋቢት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ማናልሞሽ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም፤ በእርስዎም ዘንድ ሰላምታዬ ዋጋ የለውም።

ቀለሙ አለ ብለው ጻፉልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ለጉዞ ሻንጣ ስንዘጋ ነበር። ለአለቃዬ ተርጉሜ አነበብኩለትና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አመንኩዎት። ይህን ሁሉ ተባብለን እንኳ አመንኩዎት።

ከሸኮ ስንወርድ ጭጋጉ ገና አልገፈፈም ነበር። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ ሌላ የሚሰማው ከታች የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሲያበቃ አለቃዬ ፍሬን ይዞ ቆመና እንዲህ ያለ መንገድ ነድቼ አላውቅም አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያች ደቂቃ እኔ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ መገንጠያው መጣ። የግራው ዛፍ ቀይ፣ የቀኙም ዛፍ ቀይ። በግራ ሄድን። ጥቂት ሳንርቅ ሌላ መገንጠያ፣ ሁሉም ቀይ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ጫካው ውስጥ ያለው ዛፍ ሳይቀር ደረቱ ላይ ቀይ ተቀብቷል። ወደ ገደል ወጣን፤ ብስክሌት ተሸክመን ተመለስን፤ የወደቀ ግንድ አልፈን ቆይተን ያንኑ የወደቀ ግንድ መልሰን አገኘነው። እኔ አገሬ ነው ያልኩ ሰው ወንዙ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ከሰዓት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ጭቃው ጎማውን ያዘው። አንደኛዋ ሴት ተንሸራታ ወድቃ ክንዷ ወለቀ። ስትጮህ ማንም ሊሰማን አልቻለም። አለቃዬ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞረም።

በራፍዎ ላይ የደረስነው ጨለማ ሲይዝ ነው፤ እሱንም በጭስ ሽታ ነው ያገኘነው። እርስዎ በረንዳ ላይ ነበሩ፣ ታምሩ የተባለውም ሰውዬ ከጎንዎ። እሱ አየኝ፤ ፋኖሱን አንሥቶ ፊቴን አበራና በሸኮኛ ረጅም ነገር ተናገረ። እርስዎ በአንድ ቃል መለሱለት። ከዚያ በአማርኛ መንገደኞቹ ይግቡ፣ ዝናብ አይምታቸው አሉ።

ሁላችንን አስገቡን። እሳት አነደዱ፣ ልብስ አደረቁ፣ ወጌሻ አስጠርተው የሴትዮዋን ክንድ አሳሹ። ፈረንጆቹ እስከ ዛሬ ስለ እርስዎ ደግነት ያወራሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ሳህኑን ዘረጉልኝና በሰው ፊት፣ ፊትዎ ሳይለወጥ «ስምህ ማን ይባላል?» አሉኝ። ያሳደጉኝ ሴት ስሜን ጠየቁኝ። ሕዝቅያስ ብዬ መለስኩ። «ብላ እንግዳ» ብለውኝ አለፉ።

ጠዋት ታምሩ በእግሩ ከፊት እየሄደ እስከ ቴፒ መራን። ብስክሌታችንን እየገፋን ተከተልነው። አለቃዬ የሚቀጥለውን ዓመት ጉዞ ሌላ ሰው እንዲያዘጋጀው አድርጓል። እኔ ወደ ጎማዬ ተመልሻለሁ።

ሁለት ነገር እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ። ዛፉን ሁሉ ማን ቀባው? ያ ሰውዬስ ምን ጠየቀዎት፣ እርስዎ ምን አሉት? የአባቴን ድርሻ ጉዳይ ደግሞ በሕግ እጀምራለሁ።

ሕዝቅያስ


ሚያዝያ 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሕዝቅያስ፣

ጠይቀሃልና እመልስልሃለሁ። ከዚህ በኋላ የምንጻጻፈው ነገር ስለሌለ አንዱንም አልደብቅህም።

ዛፉን ማን ቀባው አልክ። ባለቤቶቹ ቀቡት። የሰው ምልክት ዛፍህ ላይ ካገኘህ አትፍቀውም። የፋቅኸው እንደሆነ ምልክት እንደነበረበት አመንክ ማለት ነው። ያንኑ ዓይነት ምልክት አንተም ታደርግበታለህ፤ የሁሉም ሲሆን የማንም አይደለም፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ይሞታል። ሽማግሌዎቹ በዚያ ቀን የፈረዱት ይህን ነው። ከዐብዱልጀባር ሱቅ ቀይ ቀለም ተገዝቶ ሰዉ ሁሉ የየራሱን ዛፍ ቀባ። እኔም ከግቢዬ ጀርባ ያለችውን ዋንዛ ቀብቻለሁ፤ የኔ ናት። ላንተ የጻፍኩት እውነት ነው፤ ቀለሙ አለ ወይ አልከኝ፣ አለ አልኩህ። ዛፉ ሁሉ ቀይ ሆኗል ልልህ እችል ነበር፤ አላልኩህም። እንድትጠፋ ፈልጌ ነበር። የሴትዮዋን ክንድ ግን አልፈለግሁትም፤ ለሷ እስከ ዛሬ እጸልያለሁ።

መሬቱን እከሳለሁ ላልከው ደግሞ ና ክሰስ። ወረዳው መጀመሪያ የሚጠይቅህ የገብረወልድ የልጅ ልጅ መሆንህን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው አምጣ ብሎ ነው። አባትህ የወጣው በወጣትነቱ ነው። ያን ዘመን የሚያስታውሱት ሰዎች ሞተዋል። የቀረው ታምሩ ነው። ታምሩ ደግሞ አይመሰክርልህም፤ ለምን እንደማይመሰክርልህ አሁን ትሰማለህ።

ያን ማታ የሸኮን ቋንቋ እንደማትሰማ ለማረጋገጥ ፊትህን አየሁት። ፋኖሱን ሲያነሣ ወዲያው አወቀህ። የገብረወልድ ግንባር ነው ያለህ፤ እሱ ደግሞ በልጅነቱ ከአያታችን ጋር ቀፎ ሲሰቅል ነው ያደገው። እንዲህ አለኝ። «ማናልሞሽ፣ ያን ቀን ያልሽውን ለምን እንዳልሽው ገብቶናል፤ ማንም አልተቀየመሽም። ይህ ልጅ የገብረወልድ ነው። አንቺ የኔ ነው ካልሽ ነገሩ ያልቃል። ጠዋት አንድ ዛፍ እንሰጠዋለን፤ ዛፍ ያለው ሰው የሰው ዛፍ አይነካም።»

እኛ ዘንድ በዳይ የሚታረቀው እንዲህ ነው። ሲበድል መሬት ይከለከላል፤ ዘመዱ ተነሥቶ የኔ ነው ካለ ግን ዛፍ ይሰጠዋል። ቀፎ ይሰቅልበታል፤ ከዚያ ወዲያ የአገሩ ልጅ ነው። አያታችንም፣ በዳይ ባይሆን መጤ ነበርና፣ በዛፍ ነው የአገሩ ሰው የሆነው። አባትህ ያላገኘውን፣ እኔ ራሴ ባሌ ከሞተ በኋላ ለምኜ ያገኘሁትን፣ ላንተ ሳትለምን ደጃፍ ላይ አመጡልህ።

አላውቀውም አልኩ። ያቺ የሰማሃት አንዲት ቃል ትርጉሟ ይህ ነው።

ታምሩ አላመነኝም። ፊቴን ትንሽ አየና ፋኖሱን አወረደ፤ እንደ መረጥሽ ይሁን ማለቱ ነው። የኔን ቃል በሽማግሌ ፊት ስለሰማ ደግሞ አይጠይቀኝም። ላንተም በየትም ቦታ አይመሰክርልህም፤ ቢመሰክር እኔን ውሸታም ማድረጉ ነው። ይህን ለኔ ሲል ተሸከመው።

ፈርታ ነው ብለህ እንዳታስብ። ቡናው ተለቅሞ ገብቷል፤ ጎረቤቶቼ ታርቀውኛል፤ የምፈራው ነገር አልነበረም። አንተ በረንዳዬ ላይ ቆመህ፣ ውኃ ከጸጉርህ እየተንጠባጠበ፣ ያን ሁሉ ዓመት ካላየኸኝ በኋላ መጀመሪያ የተናገርከው ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ? እንደምን ነዎት አላልከኝም። ዛፎቹን ማን ነው ያበላሸብኝ አልክ። ቀጥለህ አንገትህን አዙረህ በጨለማ ቡናውን አየኸው፣ ከወዲህ ጫፍ እስከ ወዲያኛው። ያን ጊዜ ነው የመለስኩት።

የሚበቃው አንድ ቃል ነበር። ዘመዴ ነው ብል ጠዋት ስትነሣ ዛፍ ነበረህ፣ አገር ነበረህ፣ ምስክር ነበረህ። ከለከልኩህ። ስታድር ልነግርህ ሁለት ጊዜ ወደ መደቡ መጣሁ፤ ተኝተህ ነበር፤ መቀስቀስ ቀላል ነበር። ተመልሼ ተኛሁ። ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት። አንድም ቀን አልጸጸተኝም ብዬ ልጽፍልህ ነበር የተቀመጥኩት። እዚህ ስደርስ ግን ብዕሩን አስቀመጥኩት፤ ስለዚህ ያንን አልጽፈውም።

ማናልሞሽ